ጆሮዋ ተይዟል

የብሩክታይት ድካም ከጆሮዋ ነበር የሚጀምረው። ጠዋት ሁለቱንም ጆሮዎቿን በኤርፎን ደፍና ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች፤ አመሻሽ ላይ ነቅላ ስትነሳ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይናገር የሰው ድምፅ ይሰማታል። ሥራዋ ከቤት ነው። ለአንድ የውጭ አገር ሆቴል አስያዥ ድርጅት የደንበኞችን ቅሬታ ትቀበላለች። ረግጣው በማታውቀው ከተማ፣ አይታው በማታውቀው ሆቴል ትራሱ የጠነከረበት ሰው ይጮህባታል፤ እሷም በእንግሊዝኛ «በጣም አዝናለሁ» ትላለች። በማይመለከታት ነገር ስታዝን ነው ዓመት አልፎ ዓመት የሚተካው። ዘመድ ደግሞ «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ዶላር ትለቅሚያለሽ» እያለ ይቀናባታል። ይቅና።

ከባሏ ከፍስሃ ጋር የምትኖረው ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ቢቆሙ የሚታየው ያላለቀ ሕንፃ ነው፤ ከእሱ ጀርባ ሌላ ያላለቀ ሕንፃ አለ። ፍስሃ ኢምፔሪያል አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። በመሃል ያለውን ቀን ብሩክታይት ብቻዋን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ታሳልፈዋለች።

አባቷ አቶ ገረመው የሚኖሩት መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ገጠር ነው። እርሻቸውን ለልጃቸው ለመሐሪ ለቀው፣ ልባቸው ደክሞ፣ ቤት መዋል ከጀመሩ ቆይተዋል። ቤታቸው ያለበት ጎጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር ሲፈልግ ይመጣል፤ ሳይፈልግ ይቀራል። ስለዚህ ብሩክታይት ብትደውል አታገኛቸውም። እሳቸው ናቸው ከቤተክርስቲያኑ በላይ ያለችውን ጉብታ ቀስ ብለው ወጥተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የሚደውሉላት። ያቺን ጉብታ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ መሐሪ ነግሯታል።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ እንዲሁ ወጥተው ደወሉ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። የድርጅቱ ሕግ ስልክ ድምፁ ይጥፋ ስለሚል ስልኳ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ኤርፎን ደግሞ የሚያውቀው ኮምፒውተሩን ብቻ ነው። ሥራ ስትጨርስ ያመለጠውን ጥሪ አየች። መልሳ ብትደውል፣ ብትደውል፣ ያው «ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይችሉም» ሆነ። ከብዙ ቀን በኋላ ሲገናኙ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አቋረጧት።

«ምን ይቅርታ አለው ልጄ? ጆሮሽ ተይዞ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም።»

አንድም ቅሬታ ሳይኖርበት ነበር የተናገሩት። አንጀቷን የበላት ይኸው ነው። ቢቆጧት፣ «አባትሽን ረሳሽ» ቢሏት በወጣላት ነበር። እሳቸው ግን ቀበሌ ሄዶ ወረፋ እንደያዘ ሰው፣ ተራዬ አልደረሰም ብለው ነው ጉብታውን መልሰው የወረዱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩክታይት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ኮምፒውተሩንም ስልኳንም ባንድ ጊዜ ይዞ የሚቀመጥ፣ ደንበኛው ትራሱን ሲረግም ሳለ አባባ ከጉብታው ቢደውሉ እዚያው ጆሮዋ ውስጥ የሚጠራ ኤርፎን። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን ቦሌ መንገድ ዳር ከሚያዞር ልጅ ገዛችው። «ከፈለግሽው ዕቃ ጋር ይሠራል» ብሏት ነበር፤ አልዋሸም፤ ከፈለገችው ጋር ይሠራል፣ ግን ሌላውን ለቆ ነው። ሁለተኛውን ፍስሃ ኢምፔሪያል ከሥራው አጠገብ ገዝቶ አመጣላት። እሱ በተገዛበት ቀን ሁለቱንም ያዘ። በማግሥቱ ስልኳ ሲጠራ ደንግጦ ሁለቱንም ጣለ። በአንድ በኩል ስለ ቁርስ ቅሬታዋን በምታሰማ አንዲት ሴትዮ ላይ መስመሩ ተዘጋ፤ በሌላ በኩል የደወለው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበር እንጂ አባባ አልነበሩም፤ እሱም ተዘጋ። የቅርብ አለቃዋ «ደንበኛ ላይ ዘግተሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ላከባት። ያን ዕለት ኤርፎኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ አለቀሰች። ኤርፎን እንኳ አስለቀሰኝ ብላ ደግሞ በራሷ አፈረች።

ሦስተኛውን ፍለጋ በእሑድ ከፍስሃ ጋር መገናኛ ወረዱ። ፍስሃ የዕረፍት ቀኑ ስለተነካበት ከታክሲው ሳይወርድ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባሉት ሕንፃዎች ሲወጡና ሲወርዱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሙራድ የሚባል ሰው ሱቅ ገቡ። ሱቋ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ሙራድ ገበያ እንደሰለቸው ሁሉ ክርኑን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አዳመጣት።

«ሁሉም ሁለት ዕቃ ያውቃል እህቴ» አላት። «ማወቅ ሌላ፣ መያዝ ሌላ ነው። አብዛኛው አንዱን ይለቅና ነው ሌላውን የሚይዘው። አንቺ የምትፈልጊው ሁለቱንም ይዞ የሚቀመጥ ነው። እሱ መልቲፖይንት ይባላል።»

«ያለፈውም ካርቶን ላይ ተጽፎበታል» አለች ብሩክታይት።

«ካርቶን ላይማ ምን የማይጻፍ አለ?»

«እና አንተ ስትለን በምን እናምናለን?» አለ ፍስሃ።

«አትመኑኝ። እዚሁ ሞክሩት። ኮምፒውተርሽን ይዘሻል? ስልክሽንም አምጪ።»

ኮምፒውተሯን ይዛለች። ስልኳ ግን ጠፍቷል። የቻርጀር ማስገቢያው ከላላ ቆይቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ባዶውን ይነሳል። ፍስሃን አሠራልኝ ካለችው ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ ዛሬ ነገ ይላታል። አሁንም ገልመጥ ስታደርገው ዓይኑን ሰበረና የራሱን ስልክ ለሙራድ አቀበለው። ሙራድ ኤርፎኑን ከኮምፒውተሩም ከፍስሃ ስልክም ጋር አገናኝቶ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ዘፈን ከፈተ፤ ደወለ፤ ዘፈኑ ቆመ፤ ስልኩ ጠራ። ጫን ስታደርገው ተነሳ። ሲዘጋ ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ። ደጋግመው ሞከሩት።

«ሁለት ይይዛል፤ ሦስተኛ አያስገባም» አለ ሙራድ ሳጥኑን እየጠቀለለ። «አንዱ ሲወጣ ግን ሌላ የሚያውቀው ካለ ይተካል። ደህና ዕቃ ነው። ለማን ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«ለአባቴ» አለች።

«እሳቸው ናቸው የሚያደርጉት?»

«የለም፤ እኔ ነኝ።» ሙራድ አልገባውም፤ እሷም ለማስረዳት አቅም አልነበራትም።

ኤርፎኑ እንደተባለው ሆነ። ቤት ገብታ ስልኳን እንደምንም ቻርጅ አድርጋ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን እሱንም ከኤርፎኑ ጋር አጣመረችው፤ ሁለቱንም ይዞ ቁጭ አለ። ከፋሲካ በኋላ አባባ ደወሉ። በሁለት ደንበኞች መሃል ስለነበረች ጆሮዋን ጫን አድርጋ አነሳችው፤ ነፋሱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በደስታ እንደ ሕፃን ነበር የጮኸችው።

«አባባ! ከእንግዲህ ሥራ ላይም ብሆን ይሰማኛል። በፈለጉት ሰዓት ይደውሉ። አዲስ ዕቃ ገዛሁ፤ ሁለቱንም ይይዛል!»

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ አቶ ገረመው። «በይ አሁን ሥራሽን ሥሪ፤ አይቆጡሽ።» ዘጉት። እንዳላመኗት ገብቷታል። ሰው በአንድ ጆሮው ሁለት ነገር ሊሰማ ይችላል ብለው የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፍስሃ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጣ። በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ስልክሽን አምጪው፤ ላሠራልሽ።»

«ዛሬ? ምን ነካህ?»

«በዚያ በኩል ሥራ አለኝ። አመሻሽ ላይ ይዤው እመጣለሁ።»

«አባባ ቢደውሉስ?»

ፍስሃ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር የለውም። «አንድ ቀን ነው እኮ» አለ ወደ ታች እንዳየ፤ ስልኩን ተቀብሎ ደረጃውን ሮጦ ወረደ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይገባት ነበር። እዚህ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት ሲመጣ ይሸተዋል። ብሩክታይት ግን ያን ሳምንት እንቅልፍ አልጠገበችም፤ ደንበኛ በዝቶባታል፤ ባሏ ከስንት ወር በኋላ ቢታዘዛት ተመስገን አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ረፋድ ላይ ደግሞ ከታችኛው ፎቅ እትዬ ተናኜ ቅቤ የጠጣ ቅንጬ በሳህን ይዘው ወጡ። ተቀምጠው እስክትጨርስ አልንቀሳቀስም አሉ።

«ብዪ እንጂ ልጄ። አንድ ጉርሻ። ለኔ ስትዪ።»

«እትዬ ተናኜ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ሥራው የትም አይሄድም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫን ጫን ሲያደርጉ አየቻቸው፤ ያ ያላለቀው ሕንፃ አቧራ ነው ብላ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ሸኝታ ሌላው እስኪመጣ ወንበሩ ላይ ተለጥጣ ነበር። ዕቃ በተያዘ ቁጥር ከኤርፎኑ ውስጥ የምትናገረው የተቀዳች ሴት በእንግሊዝኛ ሁለተኛ ዕቃ መገናኘቱን ነገረቻት። ብሩክታይት ፈገግ አለች። ፍስሃ ስልኬን አሠርቶ መጣ፤ ደረጃው ላይ ነው ማለት ነው። ወዲያው ጆሮዋ ውስጥ ጠራ። በዚህ ሰዓት ከአባባ በቀር የሚደውልላት የለም። ሳታስብ ጫን አደረገችው። «አቤት አባባ» ልትል አፏን ስትከፍት የወንድሟ የመሐሪ ድምፅ ቀደማት። የጎረነነ፣ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ፍስሃ፣ ጨረስን ወንድሜ። አፈር አልብሰን አሁን መመለሳችን ነው። ሕዝቡ መሬት አይበቃውም ነበር። አልሰማችም አይደል? እንዳትሰማ። ስልኳን እንደያዝክ ቆይ። ብትነግራትም ለቀብር አትደርስም ነበር፤ ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ያርዷት።»

ብሩክታይት እጇን ከኤርፎኑ ላይ አላነሳችም።

«እኔን ምን እንዳቃጠለኝ ታውቃለህ?» መሐሪ ንፍጡን ሳበ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ‹አባባ፣ ለብሩክታይት ልደውልልዎትና ያነጋግሯት› አልኳቸው። ኔትወርክ ነበር፤ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር እኮ ትናንት! ስልኩን በእጄ ይዤ። ‹ተዋት› አሉኝ። ‹ሥራ ላይ ናት፤ ጆሮዋ ተይዟል።› ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ይህን እንዳትነግራት። አደራ። ሄሎ? ፍስሃ? ትሰማኛለህ?»

ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ፍስሃ በሹክሹክታ ይጮኻል። «ሄሎ? መሐሪ? ኧረ አይሰማኝም! ምን ሆነ ይሄ ስልክ?»

አንዱን ድምፅ በጆሮዋ፣ አንዱን በበሩ ስንጥቅ ሰማች። ያን ጊዜ ሁሉም ገባት፤ ቅንጬውም፣ ክር የሌለው ጫማም። ስልኳ ከቤት ሲወጣ የኤርፎኑ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቷል፤ መገናኛ የተዋወቀው የፍስሃ ስልክ ሲቀርበው ተቀብሎታል። ደህና ዕቃ ነው፤ ሙራድ አልዋሸም። ትናንት አመሻሽ ሥራዋን ቀድማ ጨርሳ፣ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ኤርፎኑ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ስልኳ ጭኗ ላይ። አንዳች ነገር አልሠራችም። እንዲያው ደክሟት፣ ጨለማው ሕንፃዎቹን ሲበላ ዝም ብላ ታይ ነበር።

ፍስሃ ዘጋው። መሐሪ ከጆሮዋ ወጣ። ድምፅ ልታወጣ ስትል ኮምፒውተሩ ደንበኛ አስገባባት። አንዲት ሴትዮ ናት፤ ባሕሩን የሚያሳይ ክፍል ከፍዬ የመኪና ማቆሚያ የሚያሳይ ሰጡኝ ትላለች።

«በጣም አዝናለሁ» አለች ብሩክታይት። ድምፅዋ ተሰበረ። «በጣም፣ በጣም አዝናለሁ።»

ሴትዮዋ ለስለስ ብላ፣ «ግድ የለም፣ የአንቺ ጥፋት እኮ አይደለም። ከልቡ ያዘነልኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ» አለቻትና አመስግና ዘጋች።

ፍስሃ ገባ። እጁ ላይ የአቮካዶ ጁስና በፌስታል የተቋጠረ ምሳ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከጠዋት ወዲህ ዓመት የተጨመረበት ይመስላል።

«ስልኬስ?» አለችው።

«ዕቃው አልተገኘም። ነገ ነው አሉኝ።» ውሸት ድሮም አይችልበትም። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሰምቻለሁ ልትለው ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ቀና ብላ ስታየው ግን፣ ይህ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ብቻውን ተሸክሞት እንደዋለ አሰበች። የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ገሰሰን ለምኗል፤ እትዬ ተናኜን አስምሏል፤ ደረጃ ለደረጃ ሲሹለከለክ ውሏል። መርዶ ያሾለከ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወራበታል። የአባቷን ሞት በገዛ ስልኩ አሰማት ከሚባል፣ ይቺን አንድ ቀን ብትችልለት ይሻላል። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማሽን መስማቱ አልበቃትም። ትከሻዋን ይዞ፣ ዓይኗን እያየ፣ አባትሽ ሞቱ የሚላት ሰው ፈለገች። ያን ጊዜ ነው የሚለቀሰው። ከዚያ በፊት እንዴት እንደሚለቀስ አታውቅም።

ፌስታሉን ፈታችና በላች። ለምን እንደሚያበላት ስለገባት ነው የበላችው፤ ነገ ማንም አንድ ጉርሻ ሊያውጣት እንደማይችል እሷም ታውቃለች። እያንዳንዱን ጉርሻ በጁሱ ታወርደዋለች። ፍስሃ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስትበላ አያት፤ ደስ ያለው መሰለ። አሳዘናት።

ሲነጋጋ የብዙ ሰው እግር ደረጃው ላይ ተሰማት። ከጋደመችበት አልተነሳችም። በሩ ውጭ ማን ይቅደም፣ ማን ይናገር እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ተኝታ እንድትገኝላቸው ብላ ነው። ፍስሃ ከፈተላቸው። ጋሽ ገሰሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ትከሻዋን በቀስታ ነካ አደረጓት።

«ብሩክታይት፣ ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። እትዬ ተናኜ በአንድ ጎን፣ ሌላ ጎረቤት በሌላው ጎን ሆነው፣ ደረቷን እንዳትመታ ከወዲሁ እጆቿን ያዙ። ጋሽ ገሰሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጀመሩ፤ አቃታቸው፤ እንደገና ጀመሩ።

«አባትሽ አቶ ገረመው... ደክመው ነበር። እግዚአብሔር አሳረፋቸው።»

ሰምታው አደረች፤ ይሁን እንጂ አሁን ነው የሞቱት። ከሆዷ የወጣውን ድምፅ ራሷም አላወቀችውም። ፍስሃ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከትናንት ጀምሮ ያፈነውን እንደ ልጅ ያለቅሰው ጀመር።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በሰው ተሞላ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሳለች ፍስሃ ከጎኗ በርከክ ብሎ ስልኳን እጇ ላይ አኖረላት። ማስገቢያው ተሠርቷል፤ ባትሪው ሙሉ ነው። «መሐሪ ነው» አላት። ስልኩን ባዶ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

አብረው አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ መሐሪ ድምፁን አስተካክሎ ማጽናናት ጀመረ። «ብዙም አልታመሙ። ስምሽን እየጠሩ ነበር። ደውሉላት፣ ደውሉላት እያሉ ነበር፤ እኛ ነን ኔትወርክ ያጣነው። ብንደውል፣ ብንደውል እንቢ አለ። ምን ይደረግ፣ የእኛ አገር ኔትወርክ...»

«መሐሪ» አለችው።

«ወዬ እህቴ።»

«ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሥራ ጨርሼ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስልኬም ጭኔ ላይ ነበር።» እትዬ ተናኜ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጆሮዬ አልተያዘም ነበር፣ መሐሪ።»

መሐሪ ስለ ኔትወርክ ማውራቱን ተወ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማት ነበር።